ውሃው ሊሆን ይችላል

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር የሚከራከሩ ሁለት ወጣቶች አሉ። አንደኛው ጌም ማለት ዊንዶውስ ላይ ነው፣ ሌላው ቀልድ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ዛሬ የዊንዶውስ ተፎካካሪው ሊኑክስ የማያስኬደው ጨዋታ የለም ብሎ ላፕቶፑን ከሳህኑ አጠገብ ከፍቶ ያሳየዋል። ክርክሩ ሲሞቅ እንድዳኛቸው ወደ እኔ ይዞራሉ፤ በዕድሜም በሙያም ታላቃቸው ነኝና። እኔ ሁለቱም ጥሩ ናቸው እልና ሳህኔን ይዤ እነሣለሁ። ፈሪ እመስላቸዋለሁ። ልክ ናቸው፣ ፈሪ ነኝ። በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ፍርድ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ የተፈረደባቸው ሰው ደግሞ ስለ ሊኑክስም ስለ ዊንዶውስም ሰምተው የማያውቁ አንዲት ሴት ነበሩ።

ጨዋታ መውደዴ የቆየ በሽታ ነው። ደብረ ኤልያስ ልጅ ሳለሁ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚነግድ የአክስቴ ባል አንዲት ብሪክ ጌም አመጣልኝ። ግራጫ ናት፣ በእጅ የምትያዝ፣ ሳሙና የምታክል። ካርቶኗ ላይ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጨዋታ አላት ተብሎ ተጽፏል። አምኜ ለመቁጠር ተነሣሁ። አሥር ያህል ስደርስ አለቀ፤ የቀረው ያው ጡብ ፍጥነቱን እየለዋወጠ ሲወርድ ነው። እኔ ግን ያው ጡብ በቃኝ። ከላይ የሚወርደውን እያገላበጡ ክፍተቱ ላይ መሰካት፣ መስመሩ ሞልቶ ብን ብሎ ሲጠፋ ማየት፣ ከዚያ የበለጠ ደስታ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ችግሩ ባትሪ ነበር። ባትሪዋ ሲሞት የአባቴን ሬዲዮ ከፍቼ የሬዲዮውን ወሰድኩና የሞተውን በቦታው ከተትኩ። አባቴ ቄስ ነበር፤ ዜና ሊሰማ ሬዲዮውን ቢከፍተው ጭጭ አለበት። ባለሱቁ ያረጀ ባትሪ ሸጠልኝ ብሎ ተቆጣና በማግስቱ ሱቁ ድረስ ሄዶ ሰው ፊት ተናገረው። እኔ አብሬው ሄጄ ነበር። ባለሱቁ ዕቃዬ አዲስ ነው እያለ በመስቀል ይምላል፣ አባቴ ደግሞ በሐሰት አትማል ይለዋል። መሐላቸው ቆሜ መሬት መሬቱን አየሁ። ብሪክ ጌሟ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ደብረ ማርቆስ ስማር ደግሞ ጌም ቤት ተገኘ። በሩ በጨርቅ የተጋረደ አንድ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ አግዳሚ። የምንጫወተው እግር ኳስ ነበር። የተሸነፈ ይነሣል በሚለው ሕግ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳልነሣ የዋልኩባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ከትምህርቱ ይልቅ እነሱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ። ተመርቄ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ የተመደብኩት ግን ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት በምታስኬድ ትንሽ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የእኛ ሚሊኒየም ከተከበረ ብዙም አልቆየ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለም። እዚያ ከተማ ጌም ቤት የሚባል ነገር አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ከውጭ አገር በእርዳታ ያገኛቸው ኮምፒውተሮች ነበሩት። አሥራ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖችና አንድ ትልቅ ማሽን። ትንንሾቹ ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ዲስክ የሚባል ነገር አልተገጠመላቸውም። ሲበሩ ሥራቸውን ሁሉ በገመድ ከትልቁ ማሽን ነው የሚጠቡት። ሊተክል የመጣው ቴክኒሻን ለሠራተኛው ሲያስረዳ ይቺ እናቲቱ ናት፣ እነዚህ ግልገሎቿ ናቸው ብሎ ነበርና ትልቁ ማሽን እናቲቱ ተብሎ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ እንኳ ስብሰባ ላይ የሚጠራት በዚሁ ስም ነበር። ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

ያኔ ሊኑክስን የማየው እንደ ድሃ ዘመድ ነበር። ነፃ ነው፣ ቫይረስ አይደፍረውም፣ አሮጌ ዕቃ ላይ ሳይንገራገጭ ይሄዳል እያልኩ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። በልቤ ግን ኳስ የማያጫውት ኮምፒውተር ምን ኮምፒውተር ነው እላለሁ። ጨዋታ ጠፍቶበት አልነበረም። በሆዱ እየተንሸራተተ ቁልቁል የሚወርድ ፔንግዊን ነበረው፤ ተማሪዎቹ ትምህርቱን ቶሎ ከጨረሱ እፈቅድላቸውና ክፍሉ በሣቅ ይሞላል። ጡቡም ነበረበት፣ ያው የልጅነቴ ጡብ። እኔ ግን ተመርቄያለሁ፣ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ፤ የሕፃን ጨዋታ ብዬ ናቅሁት። የምፈልገው ደብረ ማርቆስ የተውኩትን ኳስ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያለ ዊንዶውስ አይሆንም ብዬ አምን ነበር።

ክፍሉን የሚያጸዱት ሴት በዕድሜ እናቴን ያህሉ ነበር። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ መምህር በአንተ አይጠራም ብለው እርስዎ ይሉኛል፤ ልጅዎ ነኝ፣ ይተዉ ብዬ ብለምናቸውም አልሆነም። ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ጫማ አውልቆ መግባት ሕግ ነበር፣ የኮምፒውተር ጠላቱ አቧራ ነው ተብለናልና። የሃምሳ ተማሪ ጫማ በረንዳው ላይ ተደርድሮ ያረፍዳል። እማማ ይህን ሲሰሙ አቧራን የግል ጠላታቸው አድርገው ያዙት። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይገቡና፣ አገራችን ውስጥ ቤት የሚጠርግ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በጣሳ ውሃ ይዘው በጣታቸው ወለሉን ረጭ ረጭ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ነው መጥረጊያ የሚያነሡት። ውሃ ሳይረጩ መጥረግ አቧራውን ከታች አንሥቶ ላይ መስቀል ነው ይሉ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ጣታቸው ልኩን ያውቃል። አንዲት ጠብታ ጠረጴዛ ላይ አርፋ አይቼ አላውቅም።

ለእናቲቱ ደግሞ ዳንቴል ሠሩላት። ነጭ ነው፣ ዙሪያው ሰማያዊ። የሰው ቤት ሬዲዮ እንኳ ዳንቴል ለብሶ እሷ ይህን ሁሉ ልጅ እያጠባች ራቁቷን መቆሟ ደስ አላላቸውም። ዓርብ ማታ ያለብሷታል፣ ሰኞ ጠዋት ጠርገው ሲጨርሱ ያነሡላታል። መምህራኑ ሣቁባቸው። እኔም ሣቅሁ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ ደብረ ማርቆስ ያለ ጓደኛዬ በሹፌር እጅ ሁለት ሲዲ ላከልኝ። አንዱ ዊንዶውስ፣ አንዱ እግር ኳሱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቷል፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ጭር ብሏል፣ መብራትም አለ። ቁልፉ በእጄ ነው።

ሐሳቤ እናቲቱን መግደል አልነበረም። አንድ ዲስክ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን መኖር እንደሚችሉ አንብቤ ነበር። ግልገሎቹ ሆድ ስለሌላቸው ዊንዶውስ የሚጫነው እሷ ላይ ብቻ ነው፤ እና ትንሽ ቦታ ቆርሼለት ቅዳሜና እሑድ ኳሴን እጫወታለሁ፣ ሰኞ እንደ ወትሮዋ በሊኑክስ ትነሣለች አልኩ። ዳንቴሉን ገልጬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ሲዲውን አስገባሁ።

ሰማያዊው ገጽ መጣ። ዲስኩን በክፍል በክፍሉ ዘረዘረልኝ፤ ከትልቁ ክፍል ጎን በእንግሊዝኛ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ አንድ ጀማሪ ተማሪ እንኳ ሊነግረኝ ይችላል፣ ዊንዶውስ የሊኑክስን አጻጻፍ ማንበብ ስለማይችል ነው ያልታወቀ ያለው። እኔ ግን ያልታወቀ ማለት ባዶ መሰለኝ። ሊኑክስ የተቀመጠው በትንሿ ክፍል ነው ብዬ ገመትኩ። ክፍሉን የሚያጠፋውን ዲ የሚለውን ፊደል ነካሁ። እርግጠኛ ከሆንክ ኤልን ንካ አለኝ፣ እሱንም ነካሁ። የጠየቅሁትም ሰው የለም፤ ደግሞስ ማንን እጠይቃለሁ፣ በከተማው ውስጥ አዋቂ የምባለው እኔ ነበርኩ።

ዊንዶውሱ ተጭኖ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት አለፈ። ኳሱም ሠራ። ሣሩ፣ ጩኸቱ፣ ሁሉም እንደ ደብረ ማርቆሱ ነው። የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፍኩ። በሁለተኛው ግጥሚያ እረፍት ላይ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ተነሥቼ ከግልገሎቹ አንዱን አበራሁት። ጥቁር ገጽ ላይ ነጥብ መደርደር ጀመረ። አንድ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ፣ እናቱን እየፈለገ ነው። ሁለተኛውን አበራሁ፣ ሦስተኛውን፣ አሥራ ሁለቱንም። ሁሉም ነጥብ ይደረድራሉ። ያኔ ገባኝ። እናቲቱ በሊኑክስ እንድትነሣ አጥፍቼ አበራኋት፤ የመጣው ዊንዶውስ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ የጻፉት፣ የትምህርቱ ጽሑፍ፣ ኢንተርኔት በሌለበት አገር እንደ ቤተ መጻሕፍት የምንገለገልበት ሁሉ እዚያ «ያልታወቀ» በተባለው ውስጥ ነበር። መልሼ የምጭንበት ሲዲ የለኝም፤ ቴክኒሻኑ ይዞት አገሩ ገብቷል።

ቀጥሎ ያደረግሁትን እስከ ቅርብ ጊዜ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ኳሱን እንደገና ከፈትኩት። አሥራ ሁለት ስክሪን ከኋላዬ ነጥብ እየደረደረ አንድ ሙሉ ግጥሚያ ተጫወትኩ። ሁለት ለአንድ አሸነፍኩ። ዲስኩን በስህተት ነው ያጠፋሁት፣ ስህተት ማንም ይሳሳታል። ለዚያ ግጥሚያ ግን እስከ ዛሬ ምንም ዓይነት ሰበብ አላገኘሁለትም።

እውነቱን ልናገር ብል በዚያው ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ቤት ሄጄ መናገር እችል ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ ቢቆጣ ቢቆጣ አንድ ሳምንት ቢቆጣ ነው። ያቃተኝ ኳስ የሚለውን ቃል ማውጣት ነው። አዋቂው መምህር በመንግሥት ንብረት ኳስ ሊጫወት ሲል እንዲህ አደረገ መባልን ፈራሁ። እናቲቱን እንዲሁ ብተዋት ደግሞ የከፈታት ሰው ዊንዶውሱንም ኳሱንም ያያል። ስለዚህ ጎኗን በመፍቻ ፈታሁና የዲስኩን ገመድ ነቀልኩ። መልሼ ዘጋኋት። ዳንቴሉን አለበስኳት፤ እማማ እንደሚያደርጉት ሰማያዊው ጠርዝ በፊት ለፊት እኩል እንዲወርድ አስተካከልኩ።

ሰኞ ጠዋት እማማ ረጭተው ጠርገው ጨርሰዋል። ወለሉ ገና አልደረቀም፣ የእርጥብ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ተማሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። የእናቲቱን ማብሪያ ስጫን ጥቁር ገጽ ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ወጣና ቆመች። የደነገጥኩ መሰልኩ። ደጋግሜ ነካካሁ። ርዕሰ መምህሩ ተጠርቶ መጣ፤ ሥነ ሕይወት ነው የተማረው፣ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ውሃና ኤሌክትሪክ እንደማይስማሙ ብቻ ነው። ወለሉን አየ። ካልሲው ረጥቦ ነበር። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ውሃው ይሆን እንዴ?» አለኝ።

እማማ ጣሳቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። ሃምሳ ተማሪ ይሰማል።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

በልቤ ዋሸሁ እንኳ አላልኩም። «ሊሆን ይችላል» ማለት «ነው» ማለት አይደለም፤ ነገሩን ክፍት ተውኩት፣ ነገ ዛሬ ይረሳል አልኩ። ግን አዋቂ ከተባለ ሰው አፍ የወጣ «ሊሆን ይችላል» እንዴት እንደሚከብድ አላሰብኩትም ነበር። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። እማማ ቀርበው ምን ይላሉ ተብለው ሲጠየቁ፣ እኔ ይኸን ነገር አላውቀውም፣ መምህሩ ውሃ ነው ካሉ ውሃ ነው ብለው መለሱ። ይህን የነገረኝ የኮሚቴው ጸሐፊ ነው። ቃለ ጉባኤውን ሲያነብልኝ የእኔ «ሊሆን ይችላል» «በውሃ ምክንያት መበላሸቱ በባለሙያ ተረጋግጧል» ሆኖ ተጽፏል። እንዲህ አላልኩም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ግን እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ።

እማማ የኮንትራት ሠራተኛ ነበሩ። ውላቸው አልታደሰም። የሚሄዱ ዕለት ክፍሉ ድረስ መጡ፤ አሥራ ሁለቱ ግልገሎች ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ እኔ ባዶ ክፍል ውስጥ የተማሪ ወረቀት አርማለሁ። የመጡት ስለ ዳንቴሉ ሊነግሩኝ ነው። ሲያድፍ በቀዝቃዛ ውሃ እንዲታጠብ፣ በሙቅ ከሆነ ሰማያዊው ቀለም እንደሚለቅ ነገሩኝና ወጡ። እስከ ግቢው በር ልሸኛቸው ይገባ ነበር። አልሸኘሁም።

ክፍሉ እኔ እስክለቅ ድረስ ለትምህርት ሳይከፈት ቆየ። ከዚያ ወዲያ እኔ እንደ ዕድል ሆኖ ተጨማሪ ተማርኩ፣ ሥራም ቀየርኩ፣ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። የናቅሁት ሊኑክስም እንጀራዬ ሆነ። ስማር ሁለት ነገር አወቅሁ፤ ሁለቱም ዕንቅልፍ ነሥተውኛል። አንደኛው፣ ያን ዕለት የጠፋው ክፍል ወዲያው ቆም ብል ኖሮ መልሶ ሊገኝ ይችል ነበር፤ ዊንዶውስ ጭኜ በላዩ ባልጽፍበት ኖሮ ማለት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። የዊንዶውስን ጨዋታ እዚያው ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም አለ፣ ያኔም ነበረ። እናቲቱን ከነሕይወቷ ትቼ ኳሴን መሞከር እችል ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን ተቀምጬ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከሰላምታው አላለፍኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ለሥራ ቻይና ደርሶ የተመለሰ ጓደኛዬ በእጅ የምትያዝ የጌም ማጫወቻ አመጣልኝ። የድሮ ጨዋታዎች ብቻ የሚጫወቱባት ናት። መጠኗ እንደ ብሪክ ጌሜ ነው፤ ቁልፎቿ ስትጫናቸው እንደዚያችው ቀጭ ይላሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ጡቡ አለባት። አውቶቡስ ላይ፣ ወረፋ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ከወጣቶቹ ክርክር ሸሽቼ እጫወታታለሁ። ትልልቆቹ ጨዋታዎች የማይሰጡኝን ነገር ትሰጠኛለች፤ ጣቴ ሳላዘው ያስታውሳል፣ ልጅ እሆናለሁ። ግን ስትበራ፣ ጨዋታዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ጥቁር ገጽ ላይ ነጫጭ ደቃቅ ጽሑፍ ሽው ብሎ ያልፋል። የምትሠራው በሊኑክስ ነው። ሁልጊዜ ያቺን ጥቂት ሰከንድ ፊቴን አዞራለሁ።

ባለፈው ዓመት መናኸሪያ ውስጥ የቀድሞ ባልደረባዬን አገኘሁት፤ አሁን ጉንደ ወይን ነው የሚያስተምረው። በወሬ መሐል እማማ ወደ ዲማ ሄደው እኅታቸው ዘንድ እንደገቡ ነገረኝ። አንድ ጊዜ አግኝቷቸው ስለ እኔ ጠይቀውታል፤ እኚያ ደግ መምህር እንዴት ናቸው ብለው። በዚያው ሰሞን እናቴ ለዲማ ጊዮርጊስ የተሳለችውን ጃንጥላ የሚያደርስላት ስታጣ እኔ አደርሳለሁ አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ ስለማላውቅ ተገርማ መረቀችኝ።

ጃንጥላውን ከቅዳሴ በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ አስረከብኩና ከአንድ የቅኔ ተማሪ ቤቱን ጠየቅሁ። እማማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀጥነዋል። ወዲያው ነው ያወቁኝ።

እንዴት ከረሙ መምህር ብለው ሦስት ጊዜ ሳሙኝና ቤት አስገብተው መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። ቆሎ በሰፌድ፣ ውሃ በብርጭቆ አቀረቡልኝ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ማግባቴን ጠየቁኝ። መልስ ስሰጥ እጄ መያዣ አጥቶ ከኪሴ ያቺን ማጫወቻ አውጥቼ እያሻሸሁ ኖሮ፣ ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። መጫወቻ ናት፣ ትንሽ ኮምፒውተር በሏት አልኳቸውና መደቡ ላይ አስቀመጥኳት። እማማ ኮምፒውተር የሚለውን ሲሰሙ ተነሡ። የውሃውን ብርጭቆ በሁለት እጃቸው አንሥተው ከማጫወቻዋ አርቀው፣ መሬት ላይ አኖሩት።

«ይኸስ ውሃ አይወድም፤ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ። «እርስዎን ሳላገኝ እንዳልሞት ስጸልይ ነበር። የመንግሥት ንብረት አጥፍቻለሁ ብዬ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት አዘዙኝ። ፈጽሜዋለሁ። ግን ያን ሁሉ ተማሪ የት አግኝቼ ይቅርታ ልለምን? እርስዎ መምህራቸው ነዎት፣ ስለ እነሱ ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚያ ወዲህ ውሃ ረጭተው ጠርገው እንደማያውቁ፣ እጃቸው ውሃ መፍራቱን፣ እኅታቸው በዚህ እንደምትቆጣቸው እየሣቁ ነገሩኝ። ያኔ ነው ወለሉን ያየሁት። የአፈር ወለል ነው፣ ደረቅ፤ በሩ ላይ በሚገባው ብርሃን ውስጥ አቧራው ይታያል። ሲናገሩ በየመሐሉ ያስላቸዋል። ከማጫወቻዬ ውጪ አንድም ውሃ የሚፈራ ነገር ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ከምን እንደጀመርኩ አላስታውስም። ሁሉንም ግን ነገርኳቸው፤ ሲዲውን፣ ያልታወቀ የሚለውን ቃል፣ የነቀልኩትን ገመድ፣ ዳንቴሉን እንዴት አስተካክዬ እንዳለበስኩ፣ እና ያን ግጥሚያ። ከመደቡ ወርጄ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል እጄን ያዙኝ። አልገፈተሩኝም፣ አላቀፉኝምም። እንዲሁ ያዙኝና መልሰው አስቀመጡኝ።

«ውሃው አልነበረም?» አሉ።

«አልነበረም እማማ።»

«አንዲት ጠብታም?»

«አንዲት ጠብታም።»

 ውጭ የቅኔ ተማሪዎቹ ድምፅ ይሰማል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ ያው የሰገዱበት ጉልበት ላይ፤ እያሻሹት ነበር።

«እንግዲህ ያ ስግደት ለማን ይቆጠር?» አሉኝ።

የሚጠይቁኝ እውነት መልሱን ፈልገው ነበር። ነገር ወርውረውብኝ አይደለም፣ እንደ ድሮው መምህሩ ያውቃሉ ብለው ነው። አላውቅም አልኩ። በሕይወቴ እማማ ፊት አላውቅም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ተነሡ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ እኔም ልነሣ ስል ወደ ጓዳ ገቡና ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዘው ወጡ። ከበሩ ጀምረው ጣታቸውን እየነከሩ ወለሉን ረጭ ረጭ ማድረግ ያዙ። መጀመሪያ ጠብታ በጠብታ እየቆጠቡ ነበር፤ ቤቱ መሐል ሲደርሱ እጃቸው እንደ ድሮው ፈጠነ። አቧራው ተኛ። ያ የሰኞ ጠዋት የእርጥብ አፈር ሽታ ቤቱን ሞላው። በመደቡ ጥግ፣ በማጫወቻዋ ሥር፣ በጫማዬ ዙሪያ ረጩ፤ ጫማዬ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም። ጣሳውን አስቀምጠው መጥረጊያውን አነሡ። እየጠረጉ መጥተው እኔ ፊት ቆሙ።

«እግርህን አንሣ» አሉኝ።

አነሣሁ።